ፈዛዛ አረንጓዴ

ጓደኛዬ ከሞተች በኋላ አባቷን ልጠይቅ አትላንታ ዳርቻ ወዳለችው ሊቶኒያ ስሄድ ሁለተኛዬ ነበር። የመጀመሪያው በአርባዋ ነው፤ ያኔ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን ሳጥብ ዋልኩና ማንንም በቅጡ ሳላናግር ወጣሁ። ነሐሴ ላይ ግን ብቻቸውን ነበሩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና ሳልወርድ ጋራዡ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። በእጃቸው ክዳን ያለው የማር ጠርሙስ ይዘዋል። ለእኔ ያስቀመጡልኝ ነገር መስሎኝ «ምነው ጋሼ፣ ለምን ተቸገሩ» ልል አፌን ስከፍት፣

«እንኳን መጣሽ ልጄ። ይኼ ሽንት ነው» አሉኝ።

«የማን?»

«የእሷ ነዋ» ብለው በአገጫቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙ።

ጓሮው ውስጥ፣ አጥሩ ጥግ፣ ጓደኛዬ የተወቻት ቡናማ ውሻ ተኝታለች። ፊቷ ሸብቷል። ስታየኝ ጅራቷን አንዴ መሬት ላይ መታ አደረገችና ተወችው። የእንግሊዝኛ ስም ነበራት፤ ጋሼ ግን ስሙ አፋቸው ላይ አልገባ ስላላቸው «አንቺ» ነበር የሚሏት። «ነይ አንቺ»፣ «ብዪ አንቺ»። ስሟ ያ ሆኖ ቀረ።

ከጓደኛዬ ጋር አትላንታ እንደመጣን ዶራቪል ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ለአራት ዓመት ተካፍለን ኖረናል። እሷ አረጋውያን እየተንከባከበች ነርሲንግ ተማረች። እኔ ሀገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ፤ ወረቀቴ እዚህ አልሠራ ሲል ስማይርና ያለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ቀጠረኝና ሰፈሬንም ወደዚያው አዞርኩ። «የሰው ሽንት አልበቃ ብሏት የውሻ ጀመረች» እያለች በሰው ፊት ታሾፍብኝ ነበር። ቆይታ ሊቶኒያ ቤት ገዛች፣ ውሻዋን አመጣች፣ እናቷ ሲያርፉ ደግሞ አባቷን አስመጣች። ከዚያ ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሁለት ቀን ቆየች። ዕድሜዋ አርባ አልሞላም ነበር።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ብልሽት በየቀኑ መመዝገብ ልማዳቸው ስለሆነ የሚያዩትን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። ውሻ ግን በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። ቤት ውስጥ ውሻ መኖሩን የሰሙት እዚህ ከመጡ በኋላ ነው፤ ልጃቸውን ደስ ይበላት ብለው ዝም አሉ እንጂ ውሻዋ በአጠገባቸው ስታልፍ የሱሪያቸውን ጫፍ ይሰበስቡ ነበር። አሁን ልጅቷ ሄዳ ውሻዋ እጃቸው ላይ ቀረች። ሰዎች «ለእንስሳት መጠለያ ይስጧት» ቢሏቸው «የልጄን አደራ?» ብለው ተቆጡ።

ሽንቱን እንዴት እንደያዙት ሲነግሩኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጭልፋ መጥረጊያ እንጨት ላይ አስረው፣ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ውስጥ ከኋላ ከኋላዋ ሲከተሉ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። እሷ ዘወር ብላ ስታያቸው እሳቸው እንዳላየ ሰማይ ያያሉ። እሳቸውም ነገሩን ሲያወሩ ፈገግ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነበር።

«ለምን ፈለጉት ታዲያ ጋሼ?»

«የልጄ መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ እየሸናች ነው። እንዲህ አታደርግም ነበር። ኀዘን ይሁን በሽታ አላወቅኩም። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ቦርሳዬ ውስጥ መመርመሪያ ነበረኝ። ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ባለቀለም ካሬዎች ተለጥፈውባታል። ሽንት ውስጥ ነክረው ያወጧትና ቀለሟን ማሸጊያዋ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያሉ። አንዷ ካሬ ስኳር ታያለች፣ አንዷ ደም፣ አንዷ ደግሞ ፕሮቲን። የፕሮቲኗ ካሬ ምንም ካላገኘች ቢጫ እንደሆነች ትቀራለች። ካገኘች ወደ አረንጓዴ ትዞራለች፤ ብዙ ካገኘች አረንጓዴው ይጠቁራል።

ጋራዡ ውስጥ ሳጥን ላይ ጠርሙሱን አስቀምጬ ነከርኩ። ስኳር የለም። ደም የለም። የፕሮቲኗ ካሬ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነች። ከቢጫው ለመለየት እንኳ ወደ ብርሃን ጠጋ ማድረግ ነበረብኝ።

«ትንሽ ፕሮቲን አለ» አልኳቸው። «ምንም አይደለም።»

«ትንሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ብዙ ውሻ ላይ የሚታይ ነው። አይጨነቁ።»

«ውሃ ግን ትጠጣለች። ሁለቴ እሞላላታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሦስቴ።»

«የአትላንታ ሙቀት ነዋ ጋሼ። ሁላችንም እየጠጣን ነው።»

ደብተራቸውን አውጥተው ቀኑን ጻፉ፤ ከጎኑ ያልኩትን አሰፈሩ። ከዚያ ጓሮ ወጥተው እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ፈዛዛ አረንጓዴ ብቻውን ምንም አይናገርም። ወጥ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ገባ ቢሉኝ፣ ድስቱ ምን ያህል ነው ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ሽንቱ ወፍራምና ጠቆር ያለ ከሆነ ያቺ ትንሽ አረንጓዴ ከቁም ነገር ላትገባ ትችላለች። ሽንቱ እንደ ውሃ የቀጠነ ከሆነ ግን ያን ሁሉ ውሃ አልፎ ቀለም ለመስጠት የቻለው ፕሮቲን ትንሽ አይደለም። ውፍረቱን የምንለካበት በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ክሊኒኩ ውስጥ አለች፤ አንድ ጠብታ መስታወቷ ላይ አድርጎ ወደ መብራት አዙሮ ማየት ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። «ውፍረቱን ሳታዩ ፕሮቲኑን አታንብቡ» እላቸው ነበር።

የጋሼ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሽንት ከቧንቧ የተቀዳ ይመስል ነበር። አይቼዋለሁ። ውሃ ትጠጣለችም ብለውኛል። ጠርሙሱን ስማይርና ይዤ መሄድ እችል ነበር። አልያዝኩትም። እዚያ ቤት መቆየት ስላልቻልኩ ነው፤ ከጋራዡ ወደ ሳሎን በሚያስገባው በር በኩል የጓደኛዬ የሥራ ጫማ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። የምመልሰው መልስ ቶሎ የሚያስወጣኝ እንዲሆን ፈለግኩ። «ምንም አይደለም» ከሁሉም ያጥር ነበር።

መስከረምና ጥቅምት ላይ አልሄድኩም። እደውል ነበር፤ እሱም መንገድ ላይ ሆኜ፣ ሃይዌዩ ሲጨናነቅ። «ደህና ናት?» ስላቸው «አለች» ይሉኛል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ራሳቸው ደወሉ።

«አልበላም አለች። እኔ በፍልሰታ እየጾምኩ እቀቅልላት የነበረውን ዶሮ እንኳ ትጠላለች አሁን።»

በማግስቱ ፈረቃዬ ሳይጀምር ሊቶኒያ ሄጄ ሁለቱንም አመጣኋቸው። ውሻዋን ከመኪናው ሳወርዳት ቀለለችኝ። ጀርባዋ ላይ አጥንቷ በእጄ ተቆጠረ።

የክሊኒካችን ዶክተር ረጋ ያለች፣ ጥያቄ የምታበዛ አሜሪካዊት ናት። ውሻዋን ስትመረምር እኔ በአንድ እጄ እየያዝኩ አስተረጎምኩ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ግድግዳው ጋ ቆመዋል።

«ሽንቷ ከዚህ በፊት ተመርምሮ ያውቃል?» ስትል ዶክተሯ ጠየቀች።

ተረጎምኩላቸው። ደብተራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ገጹን ፈልገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ነሐሴ ላይ። ትንሽ ፕሮቲን አለ፣ ምንም አይደለም ተብሏል።»

ማን እንዳለ አልተናገሩም። ደብተሩ ላይ አልጻፉት ይሆናል፣ ወይም እኔ ራሴ እንድናገር ትተውልኝ ይሆናል። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«አልተመረመረም» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ግን ከሰመር ጀምሮ ብዙ ውሃ እንደምትጠጣ ጽፈዋል።»

ጋሼ አዩኝ። ከውጭ ሀገር መሐንዲሶች ጋር ዘመናቸውን ሙሉ ሲሠሩ ስለኖሩ እንግሊዝኛ ባይናገሩም ይሰማሉ። ይህን አውቅ ነበር። ደብተሩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት።

ሽንቱን ራሴ ላቦራቶሪ ይዤ ገባሁ። በመጀመሪያ ጠብታዋን መስታወቱ ላይ አድርጌ አየሁ፤ ውፍረቱ ከውሃ ብዙም አይለይም። ፕሮቲኑ ነሐሴ ላይ ከነበረው ደመቅ ብሏል። ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ባክቴሪያ ባገኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው። የፊኛ ኢንፌክሽን ቢሆን፣ ወይም ደም ቢኖር፣ ፕሮቲኑ ከዚያ መጣ ይባላል፤ ኢንፌክሽን ደግሞ መድኃኒት አለው። ዓይኔ እስኪደክም ፈለግኩ። ባዶ ነበር። እንደዚያ ያለ ንጹህ ነገር አይቼ አዝኜ አላውቅም። መዥገር የሚያመጣው በሽታም፣ የልብ ትሉም ተመረመረ፤ የሉም። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። የደም ምርመራው ኩላሊቶቿ መድከማቸውን አሳየ።

የቀረው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላከው ምርመራ ነው። እሱ ፕሮቲኑን ክሬቲኒን ከሚባል ሌላ ነገር ጋር ያነጻጽረዋል። ክሬቲኒን ጡንቻ የሚጥለው ቆሻሻ ነው፤ ሽንቱ ሲቀጥን አብሮ ይቀጥናል፣ ሲወፍር አብሮ ይወፍራል፤ ስለዚህ የውሃው ብዛት አያታልልም። በውሻ ይህ ቁጥር ከግማሽ ካለፈና ደጋግሞ ከታየ ያሳስባል። የእሷ ሲመጣ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

ለጋሼ በስልክ ስነግራቸው ትክክለኛ ቃል ጠፋኝ። «ኩላሊቷ እንደ ወንፊት ነው» አልኳቸው። «ማስቀረት የሚገባውን ደህናውን ነገር ማስቀረት አቅቶት እያፈሰሰ ነው። ወንፊቱ ተቀዷል።»

«ይሰፋል?»

«አይሰፋም። እንዳይብስ መድኃኒት አለ።»

መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ የሚሰጥ ክኒን ነበር፤ ኩላሊቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ቀንሶ የሚፈሰውን ፕሮቲን ያሳንሳል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ውሾች የሚሠራ ምግብም ታዘዘላት። ጋሼ ክኒኑን ለውዝ ቅቤ ውስጥ ደብቆ መስጠት ተማሩ። ምግቡን ስትጠላባቸው በጣታቸው እያጎረሱ ለመኗት። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ሲታጠቡ አንዴ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ።

በየጥቂት ሳምንቱ ሽንት ማምጣት ነበረባቸው። ቁጥሩ በራሱ ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ ዶክተሯ የሦስት ጠዋት ሽንት ተቀላቅሎ እንዲለካ ፈለገች፤ እስኪሞላ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ምግብ ያመጡላቸው ሴት ሽሮውን ሊያስገቡ ፍሪጁን ሲከፍቱ ሦስት የማር ጠርሙስ ተደርድሮ አገኙ። «ጋሼ፣ ጠጅ ጀመሩ እንዴ?» ሲሏቸው እሳቸው መዋሸት አይችሉበትም፣ እውነቱን ነገሯቸው። ሴትዮዋ ሽሮውን ይዘው ተመለሱ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ለጠርሙሶቹ ጋራዥ ውስጥ በረዶ ያለበት ሳጥን አዘጋጁ። ሴትዮዋ ግን እንደ ድሮው አልመጡም፤ ሌሎችም እየቀነሱ ሄዱ። የውሻ ሽንት ሆነ ምክንያቱ፣ ወይስ ኀዘንተኛን መጠየቅ ጊዜ ስላለው፣ አላውቅም።

ገና ሳይደርስ የተለካው ወደ ሁለት ዝቅ አለ። ጥር ላይ ደግሞ ትንሽ ወጣ። ያን ቀን ከክሊኒኩ እያመለስኳቸው ዝናብ ይጥል ነበር። ውሻዋ የኋላ ወንበር ላይ ፎጣ ተነጥፎላት ተኝታለች።

«ወጣ ነው የምንለው ወይስ ወረደ?» ሲሉ ጠየቁኝ ወረቀቱን ይዘው።

«ከኅዳሩ ወርዷል፣ ከታኅሣሡ ወጥቷል። ግን ጋሼ፣ በዚህ ቁጥር ትንሽ መውጣት መውጣት አይባልም፣ ትንሽ መውረድም መውረድ አይደለም። ብዙ ሲለወጥ ነው የሚታመነው።»

«ታዲያ መቼ ነው ደስ የሚለን?»

ሊቶኒያ ደርሰን ቤታቸው ፊት ቆምን። እሳቸው ለመውረድ በሩን ሲይዙ፣

«ጋሼ፣ የነሐሴው…» አልኩ።

እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሱ።

«የነሐሴውን በደንብ አላየሁትም። ሽንቱ ቀጭን ነበር፤ መለካት ነበረብኝ። ውሃ ትጠጣለች ብለውኝ ነበር፤ ሰምቼ አሳለፍኩት። ዶክተሯም ስትጠይቅ…»

«ዋሸሻት» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«አዎ።»

«ሥራዬን አጣለሁ ብለሽ ነው?»

«እሱም አለበት። ግን አፍሬ ነው።»

የመስታወት መጥረጊያው ሲመላለስ እያዩ ቆዩ። ከኋላ የውሻዋ ትንፋሽ ይሰማል።

«ልጄ ከመሞቷ በፊት ባለው ሳምንት ራሴን አመመኝ ብላኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ቀን አከታትላ። ነርስ ናት፣ እሷ ታውቃለች ብዬ፣ ብዙ ስለሠራሽ ነው ተኚ አልኳት። ሻይ እንኳ አላፈላሁላትም። ኳስ እያየሁ ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሐኪም አይደሉም።»

«አይደለሁም። ለንስሐ አባቴም ይህን አልተናገርኩም። ለአንቺ የነገርኩሽ እንዲቀልሽ አይደለም። ቢቀልሽ ጥሩ። እኔን አላቀለለኝም።»

ወርደው የኋላውን በር ከፈቱ። «ነይ አንቺ» አሏት። ዘልላ መውረድ ስለማትችል በሁለት እጃቸው ከነፎጣዋ አቅፈው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ረጅም ጊዜ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ይቅርታ እንዳደረጉልኝ ወይም እንዳላደረጉልኝ ከንግግራቸው መለየት አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልለየሁትም።

የካቲት ላይ ቁጥሩ ከአራት አለፈ። መጋቢት ሲገባ፣ ሁዳዴ ተይዞ ሳለ፣ ማስታወክ ጀመረች። ከአፏ የሚወጣው ሽታ ተለወጠ፤ በሙያው ያለን ሰዎች የምናውቀው የኩላሊት ሽታ ነው። ያም ሆኖ ጋሼ ሦስቱን ጠዋት ጠብቀው ሽንቱን አመጡ፣ ደሟም ተቀዳ።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ይዤ ወደ መቆያ ክፍሉ ወጣሁ። ከእጄ ተቀበሉኝ። በዚያ ጊዜ የትኛው መስመር ላይ ማየት እንዳለባቸው ከእኔ እኩል ያውቁ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ፈለጉና አገኙት።

«አንድ ተኩል!» አሉ። ከአራት ወደ አንድ ተኩል። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ይኼስ? ይኼ ብዙ ነው አይደል? ይኼ መውረድ ይባላል?»

አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መዋሸት ሳይሆን ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ለአንድ ቀን እንኳ ደስ ይላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄኛው መውረድ ጥሩ አይደለም» አልኳቸው።

«እንዴት?»

«ወንፊቱ እየተዘጋ ነው። የሚሠራው የኩላሊቷ ክፍል በጣም ስላነሰ የሚያልፈውም ፕሮቲን አነሰ። የደሙን ገጽ ይዩት፤ እሱ በጣም ወጥቷል። ተሽሏት አይደለም፤ እያለቀ ነው።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው አለሰለሱት። ውሻዋ እግራቸው ሥር ተዘርግታ ተኝታ ነበር። እሷን እያዩ፣

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«አስተኛት ነበር። መርፌ ነው፣ አያማትም።»

«ነፍስ መስጠትም መውሰድም የእኔ ሥራ አይደለም» አሉና ተነሡ።

ሁለቱንም ቤት መለስኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወሉ። «ውሃም አልጠጣም አለች» አሉኝ። «ነይና ውሰጅን።» ስደርስ ቤቱ በር ላይ ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እሷን በፎጣ ጠቅልለው ታቅፈው ቆመዋል።

ዶክተሯ ውጭ መጠበቅ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። «እዚሁ እሆናለሁ» አሉ። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሼ በመጀመሪያ ልክ እንደ ኅዳሩ ግድግዳው ጋ ቆሙ፤ ከዚያ ቀረቡና እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «አይዞሽ አንቺ፣ አይዞሽ» አሏት። ትንፋሿ ሲቆምም እጃቸውን አላነሱም። ዶክተሯ በማዳመጫዋ ልቧን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ስንቱን ይዤ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መርፌውን ነቅዬ ጥጥ ማድረጉን እንኳ ረስቼው ዶክተሯ አደረገችው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ለዶክተሯ የነሐሴውንም፣ ያልተረጎምኩትንም ነገርኳት። ፋይሉን እየጻፈች ነበር፤ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ነሐሴ ላይ ብትመጣ ኖሮ ትድን ነበር?» ስል ጠየቅኳት።

«አትድንም ነበር። ጥቂት ወራት ትጨምር ይሆናል፣ ላትጨምርም ትችላለች። አላውቅም። ያኔ አልለካነውም፤ ስላልለካነው አናውቅም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ ለምታውቂያቸው ሰዎች አታስተርጉሚ። የስልክ አስተርጓሚ እንጠራለን» አለችኝ። አልተቆጣችም። ከሥራም አላባረረችኝም። ግን ለብዙ ሳምንት ያነበብኩትን ውጤት ሁሉ ራሷ ደግማ ታየው ነበር፤ እያየኋት እንደሆነ ሳታውቅ። ልክ ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ዳላስ ወዳለው ወንድ ልጃቸው ለመሄድ ወሰኑ፤ ቤቱ ለሽያጭ ተዘጋጀ። የጓደኛዬን መኝታ ቤት ምንጣፍ ለመንቀል ልረዳቸው ሄድኩ። ከጥግ ጀምረን በጉጠት እያነሣን ጠቀለልነው። እድፉ ምንጣፉን አልፎ፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አልፎ፣ እንጨቱ ድረስ ደርሷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩትና «አይለቅም ይኼ» አሉ። ጥቅሉን ይዘን ወጥተን የቆሻሻ መኪና የሚያነሣበት ቦታ አስቀመጥነው። ላብ አጥምቋቸው ነበር። ጫማዎቿን ግን ማን እንደሚወስድ ሁለታችንም አልጠየቅንም፤ እንደተደረደሩ ትተናቸው ምሳ በላን።

በበዓል በበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ ስለማይሰሙ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው አብረው ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ነግረውኛል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለፈው ስደውል ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ሰማሁና ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አልሄድኩም» አሉ።

«ይሂዱ ጋሼ። እባክዎን ይሂዱ።»

«እሺ» አሉኝ። እንደማይሄዱ አውቄያለሁ። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፤ እያዘገሙ አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ እኔም ጻፍኩት፣ በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።